የፍስኩ ሃርድ ዲስክ

ሰው ዕቃው ከቤቱ ሲበልጥበት ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ቤቱን ያሰፋል፣ ወይ የተረፈውን ከቤቱ ውጪ ያስቀምጣል። እኛ መንዞች ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ እናውቀዋለን። ገብሱ ለጎተራው ሲበዛበት አንዱ ጎተራውን አፍርሶ በትልቁ ይሠራል፤ ሌላው የተረፈውን ጎረቤቱ ዘንድ ያስቀምጣል። ጎተራውን ያፈረሰው፣ አዲሱ እስኪያልቅ ድረስ ዝናብ መጣ አልመጣ እያለ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ይከርማል። ጎረቤቱ ዘንድ ያስቀመጠው ደግሞ ጎረቤቱን ሲያይ ይከርማል። የትኛው ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አላውቅም። ድሮ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ሲጠይቁኝም ፈጥኜ እመልስ ነበር። ይህን ወግ የማወጋችሁ በአንድ ወቅት ፈጥኜ በሰጠሁት መልስ ምክንያት ነው።

ሥራዬ ጥገና ነው። መሐል ሜዳ ውስጥ ከገበያው ከፍ ብላ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። በሬዲዮና በቴፕ ጀመርኩ፣ ቴሌቪዥን ሲመጣ ቴሌቪዥን ያዝኩ፣ ሞባይል ሲበዛ ደግሞ መነጽሬን አወፍሬ ሞባይል ገባሁ። የአገሩ ሰው «ጋሽ ወርቁ የማይፈታው ነገር የለም» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ የማልፈታው የለም። አንዳንዴ የሚያስቸግረኝ መልሶ መግጠሙ ነው። ይህን ሁለተኛውን ነገር ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እናንተም በእኔና በእናንተ መካከል እንዲቀር አድርጉልኝ።

ዘመኑ የኢሕአዴግ ነው። ወጣቱ ሁሉ «ተደራጅ» የሚባልበት፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ስም አንዱ ድንጋይ የሚጠርብበት፣ ሌላው ዶሮ የሚያረባበት ጊዜ። ጌታነህ የሚባለው የአገራችን ልጅ ግን ድንጋይ ሊጠርብ አይችልም። ግራ እግሩ በልጅነቱ በበሽታ ሰልሎ ቀርቷል፤ የሚሄደው በምርኩዝ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ሁለት እግር የሌለው ሰው እርፍ አይጨብጥም። ስለዚህ አባቱ ሲሞቱ መሬቱን ወንድሞቹ አረሱት፣ ለእሱ አንድ ወይፈን ደረሰው፤ ወይፈኑንም ወንድሞቹ ጋ አስቀምጦ ከተማ ገባ። ዕድሜው ሃያ ስድስት፣ አንደበቱ ቁጥብ፣ ፊቱ ሳቂታ ነበር። አረብ አገር የምትሠራ እህቱ ያገለገለ የጌም ማሽን ላከችለትና ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ክፍል ተከራይቶ ጌም ቤት ከፈተ።

ጌም ቤት ገብታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ሁለት ጆይስቲክ፤ ከዚያም ሁለት ልጆች ጆይስቲኩን ይዘው ሲጫወቱ ዐሥራ ሁለት ልጆች ከኋላ ሆነው እንዴት መጫወት እንዳለባቸው ይነግሯቸዋል። ሁለቱ የሚከፍሉት ለጨዋታው ነው፤ ዐሥራ ሁለቱ በነፃ ነው የሚጮኹት። ችግሩ የማሽኑ ሆድ ጠባብ መሆኑ ነበር። ውስጡ ያለችው ሃርድ ዲስክ ትንሽ ስለነበረች ሦስት ጌም ከዋጠች በኋላ «ሞልቷል» ትላለች። አንድ የኳስ፣ ሁለት የመኪና፤ አለቀ። የመሐል ሜዳ ልጅ ደግሞ አንድ ነገር ቶሎ ይሰለቸዋል። ሲሰለቸው ቆሞ ማየቱንም ይተወዋል። ጌታነህ ወንበሩ ባዶ ሲሆን አንድ ቀን ሱቄ ድረስ መጣ።

«ጋሼ፣ የዚህን ማሽን ሆድ ማስፋት ይቻላል?» አለኝ።

ይቻላል። ያኔም በሁለት መንገድ ይቻል ነበር። አንደኛው ማሽኑን ፈትቶ፣ ትንሿን ሃርድ ዲስክ አውጥቶ፣ በቦታዋ ትልቅ መግጠም፣ ከዚያም ማሽኑ የሚነሣበትን ሶፍትዌር እንደገና መጫን ነው። ሁለተኛው ምንም ሳይፈቱ ሌላ ሃርድ ዲስክ በገመድ ከውጭ መሰካት ነው። ለእሱ የሚሻለው የውስጡ ነበር። አይነቀል፣ አይወድቅ፣ አይሰረቅ፤ ማሽኑ ካለ እሱም አለ። እኔ ግን ማሽኑን ሳየው ፈራሁ። ከዚያ በፊት እንዲህ ዓይነት ማሽን ፈትቼ አላውቅም። ፈትቼ ባበላሸው መሐል ሜዳ ምን ይለኛል? «ጋሽ ወርቁ የአካል ጉዳተኛውን እንጀራ ገደለበት» ይባላል። አልችልም ማለት ደግሞ በእኔ ዕድሜና በእኔ ስም የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ መነጽሬን ከፍ ዝቅ አድርጌ «የውስጡን መነካካት ለማሽኑ ዕድሜ ጥሩ አይደለም፤ በውጭ ይሁንልህ» አልኩት። አመነኝ። ይሉኝታ የሚባለው በሽታ የመጀመሪያውን ሥራ የሠራው እዚህ ላይ ነው።

ጌታነህ ወይፈኑን ሸጠ። ደብረ ብርሃን ወርዶ ሃርድ ዲስኩን ገዛ፣ ሠላሳ ሰባት ጌም አስገለበጠበት፤ ያን ሁሉ የኮረኮንች መንገድ ሃርድ ዲስኩን ደረቱ ላይ አቅፎ ተመለሰ። ስንሰካው አንዲት ሰማያዊ መብራት በራች፣ የጌሞቹ ዝርዝር ቴሌቪዥኑን ሞላው። ድብድብ አለ፣ ጦርነት አለ፣ ከዘንዶ የሚታገል አለ። በሳምንቱ አግዳሚ ወንበሩ ሁለት ሆነ። ያ ሰው፣ ወንድሞቹ «ምን ይሆን መጨረሻው» እያሉ የሚያዝኑለት ሰው፣ በዚያ ዓመት የሰንበቴ ተራው ሲደርስ ጠላውንም ዳቦውንም በራሱ ገንዘብ ደገሰ። የማንንም እጅ አላየም። ሰንበቴተኛው ሲመርቀው ምርኩዙን ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ እንደዚያን ቀን ረዝሞ አይቼው አላውቅም። እንግዲህ ያቺ ሃርድ ዲስክ ለጌታነህ ምን እንደነበረች ልብ በሉልኝ። መሬቱ ነበረች።

ሁዳዴ ገባ። በጾሙ መግቢያ ላይ የወይዘሮ አስካለ ልጅ አንድ ዓይኑ አብጦ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የመታው ጓደኛው ነው፤ የተመታበትም አኳኋን ከጌም የተቀዳ ነው። ወይዘሮ አስካለን አታውቋቸውም። ጠጅ በመጣልና ነገር ባለመተው የታወቁ፣ ለተቸገረ የሚደርሱ፣ ሲቆጡ ግን መንገድ የሚለቀቅላቸው ሴት ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ገና ከግቢው ሳይወጣ ልጃቸውን እጁን ይዘው መሐል ቆሙ።

«ሥጋውን የተውነው ደሙን በቴሌቪዥን ልናይ ነው ወይ?» አሉ። «እዚያ ቤት ሰው ሲታረድ ይውላል። ልጆቻችን በጾም ደም ሲያዩ ይውላሉ።»

ነገሩ ተጋጋለ። ቤቱ ይዘጋ የሚል በዛ። አንዱ እንዲያውም ማሽኑ ይሰበር አለ። ጌታነህ ከግቢው ጥድ ሥር ምርኩዙን ተደግፎ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ቤቱ ለሁለት ወር ከተዘጋ ኪራዩን ከየት ያመጣዋል? በዚህ መካከል መምሬ ዘነበ እጃቸውን አነሡ።

መምሬ ዘነበ የደብራችን ቄስ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ፣ ቄስ ሁለተኛ አያገባምና፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ምድጃቸውን ራሳቸው የሚያነዱ ሽማግሌ። አገሩ የሚያውቃቸው በስብከት አይደለም፤ ድምፃቸው አነስተኛ ነው። የሚያውቃቸው አደራ በመጠበቅ ነው። አገር ለቆ የሚሄድ ሰው የቤቱን ቁልፍ፣ የመሬቱን ደብተር፣ የእናቱን የብር መስቀል እሳቸው ዘንድ አኑሮ ይሄዳል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ቀለበታቸውን እሳቸው ጋ ያስቀምጣሉ፤ ሲታረቁ ሄደው ይወስዳሉ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል። መምሬ ዘነበ የሰማዩን መራቅ ተማምነው የሰው ነገር ነክተው አያውቁም።

«ልጄ፣ ምን ምን ጨዋታ ነው ያለህ?» ብለው ጌታነህን ጠየቁት።

«ኳስ አለ፣ መኪና አለ፣ ድብድብ አለ፣ ጦርነት አለ አባቴ።»

«ኳስና መኪናው የት ነው ያለው?»

«ማሽኑ ውስጥ።»

«ድብድቡስ?»

«ከውጭ የሚሰካው ላይ።»

መምሬ ፈገግ አሉ። «እንግዲያው ምን ያጣላናል? ቅበላ ሲያልፍ የፍስኩን ዕቃ አጥበን ለብቻው እናኖር የለም ወይ? ኳሱ የጾም ነው። ያንን የፍስኩን ነቅሎ ያስቀምጥ፤ በፋሲካ ማግስት ይሰካው» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ፤ ተስማማም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመሐል ሜዳ የጾም ጌምና የፍስክ ጌም የሚባል ነገር መጣ። ይህን በሌላ አገር ሰምታችሁ ከሆነ ከእኛ ወስደውት ነው።

ግን የፍስኩ የት ይቀመጥ? ጌታነህ ጋ ከሆነ ልጆቹ ይለምኑታል፣ ልቡ ደግሞ ገር ነው። ወይዘሮ አስካለ «እኔ ጋ» ቢሉ ደግሞ ልጃቸው ሌሊት ይሰርቀዋል። የቀሩት መምሬ ነበሩ። ሃርድ ዲስኩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ወደ እኔ ዞሩ፤ የአገሩ ዐዋቂ እኔ ነኛ። «ወርቁ፣ ይህ ነገር ምን ይጠላል?» አሉኝ።

እኔ ምን ይጠላል ብዬ ላስብ? ተጠየቅሁ፤ መለስኩ። «ውሃ ይጠላል መምሬ። እርጥበት አይንካው። ብርድም አይስማማውም» አልኳቸው። የእኛን አገር ብርድ ለምታውቁት ይህ ምክር ተገቢ ይመስላችኋል፤ ለእኔም መስሎኝ ነበር።

ፋሲካ መጣ፣ አለፈ። በማግስቱ ጌታነህና እኔ ተያይዘን መምሬ ቤት ሄድን። በዚያ ዕድሜያቸው መሰላል ተደግፈው ወደ ቆጡ ወጡ፤ እኔ ልውጣ ብል እንቢ አሉ፣ አደራ በሰው እጅ አይወርድም ብለው። ይዘው የወረዱት ነገር ሃርድ ዲስክ አይመስልም። ከበግ ቆዳ ማኅደር ሰፍተውለታል፤ ዳዊት የሚያዝበት ዓይነት፣ ማንጠልጠያ ያለው። ሲከፍቱት ደግሞ ውስጡ ከበግ ጠጉር በተሠራ ባና ቁራጭ ተጠቅልሏል።

«ይኸው ልጄ» አሉ። «ጠብታ ውሃ አልነካውም። ብርድም አልነካውም። ከምድጃው በላይ፣ ከዘሩ ገብስ ጎን ነው ያኖርኩት። እዚያ የተቀመጠ ነገር እንኳን ብርድ ነቀዝም አይደርስበት።»

ቀና ብዬ አየሁ። ቆጡ ከጥላሸት ብዛት ጠቁሯል። ከሥሩ ጠዋትና ማታ ኩበት የሚነድበት ምድጃ አለ። ሃምሳ ቀን ያህል። ማኅደሩን አሸተትኩት፤ ጢስ ጢስ ይላል። ግን ምን እላለሁ? ውሃና ብርድ ያልኩት እኔ፤ ጢስና እሳት ያላልኩትም እኔ። እሳቸው ያልኳቸውን አንድም ሳያጎድሉ ፈጽመዋል። ጌታነህ መስቀላቸውን ተሳልሞ፣ አመስግኖ፣ ማኅደሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ።

ልጆቹ ደጁን ሞልተው ይጠብቁ ነበር። ሰካነው። ሰማያዊዋ መብራት በራች፣ ልጆቹም አጨበጨቡ። ቀጥሎ ከውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ዝርዝሩ ግን አልመጣም፤ ልጆቹን «ገመዱ ነው፣ ነገ ኑ» ብለን ሸኘናቸው። ነቅለን ሰካን፣ አጥፍተን አበራን፤ ያው ቀጭ ቀጭ ነው። ሱቄ ወስጄ ኮምፒውተር ላይ ሞከርኩት፣ ገመዱን ቀየርኩት፣ በመጨረሻ ፈታሁት። ሙቀቱ ይሁን ጢሱ እግዜር ይወቀው፤ የሆነው ሆኖ የሚድን አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ጌታነህ መጥቶ ከጠረጴዛዬ ፊት ተቀመጠ። «ሞቷል» አልኩት፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ጣቱን ምርኩዙ ላይ ሲያንሸራትት ቆየ። ይጮኻል፣ ይረግመኛል፣ ቢያንስ «ምን ይሻላል?» ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «መምሬ እንዳይሰሙ» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ጋሼ፣ እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ አደራ ጠባቂ ሲባሉ ኖሩ። አሁን በስተርጅና በእኔ ዕቃ አደራ በላ ሊባሉ ነው? ከሰሙ እህል አይቀምሱም። በእኔ ይቅር።»

«ወይፈንህን እኮ ነው የሸጥክበት።»

«ዐውቃለሁ» አለ። ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ሊደብቀኝም አልሞከረም። «ይማሉልኝ ጋሼ፣ አልናገርም ይበሉኝ።»

ማልኩለት። እዚህ ላይ ቆም ብዬ እውነቱን ልንገራችሁ። የማልኩት ለእሱ ደግነት ብቻ ብዬ አይደለም። ነገሩ ቢወጣ «ምን ይጠላል?» ተብሎ የተጠየቀው ማን እንደነበር ይወጣል። «በውጭ ይሁን» ያለው ማን እንደነበርም ይወጣል። የእሱ ዝምታ ለእኔም ሽፋን ሆነኝ፤ በሰው ጋቢ ተከናነብኩ። ስወጣ ስገባ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» እያልኩ አመሰግነው ነበር። ጨዋነቱን ማመስገን ወይፈኑን ከመተካት ይቀላል።

ከዚያ በኋላ ጌታነህ ምን አደረገ መሰላችሁ? የሞተውን ሃርድ ዲስክ መልሼ ገጠምኩለት፤ እሱም ማሽኑ ጎን ሰካው፣ ማኅደሩንም ከግድግዳው ላይ ሰቀለው። ሃርድ ዲስኩ ጌም አይከፍትም፤ መብራቱ ግን ይበራል። ልጆቹን «የፍስኩን ለጊዜው ትቼዋለሁ» አላቸው። ወይዘሮ አስካለ ይህን ሲሰሙ ደስታቸው ወሰን አጣ። ልጁ በገዛ ፈቃዱ ተጸጸተ ብለው ለአገሩ ሁሉ አወሩለት፣ በሰንበቴውም ሲመርቁ ስሙን እየጠሩ መረቁት። መምሬ ደግሞ አልፎ አልፎ ከጸሎት ሲመለሱ ደጁ ላይ ይቆማሉ። አንድ ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ።

«አደራው ደህና ነው ልጄ?» አሉት።

«ደህና ነው አባቴ» አለ ጌታነህ።

«ይህቺ መብራት ምንድናት?»

ጌታነህ ሳይመልስ እኔ ፈጠን ብዬ፣ «መሥራቱን የምታሳይ ናት መምሬ» አልኳቸው። መምሬ መብራቷን ረዘም ላለ ጊዜ አዩና «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ሄዱ። ውሸት ሲቀል ይገርማል፤ ቄስ ፊት እንኳን ቆሞ ወለም አይለውም።

ኑሮ ግን በመብራት ብቻ አይሆንም። ሦስቱ ጌሞች የሰለቹ ነበሩ፣ እንደገና ሰለቹ። መናኸሪያው አጠገብ ሌላ ጌም ቤት ተከፈተ፤ የእሱ ማሽን ትልቁ ሃርድ ዲስክ ውስጡ የተገጠመለት ነው። ልጆቹ ወደዚያ ጎረፉ፤ የወይዘሮ አስካለም ልጅ ከፊተኞቹ አንዱ ነበር። ጌታነህ አንዱን አግዳሚ ወንበር ሸጠ። ሁዳዴ እንደገና ሲገባ «የፍስኩን አስረክብ» የሚል መጣ፤ ሁሉም ሰው ሥርዓቱን ወዶታል። ምን ያድርግ? ያንን የሞተ ሃርድ ዲስክ በማኅደሩ ከትቶ መምሬ ቤት ወሰደ። መምሬም ተቀብለው መሰላሉን ወጡ። በፋሲካ ማግስት መልሰው አስረከቡት። ምስኪኑ ዕቃ ከሞተ በኋላ ሁዳዴ ጾሞ ገደፈ።

በዚያው ዓመት ክረምት ሳይገባ ጌታነህ ማሽኑንና ቴሌቪዥኑን ሸጦ የኪራይ ውዝፉን ከፈለና አዲስ አበባ እሄዳለሁ አለ። ምን ልትሠራ ስለው፣ «ሎተሪ አዞራለሁ፤ እግር አያስፈልገውም» አለኝ። ሎተሪ ማዞር እግር የማያስፈልገው ሥራ አይደለም፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም ዐውቃለሁ። መምሬን ሊሰናበት ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። መምሬ እጁን ያዙና አለቀቁትም። ከንፈራቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። የሚጸልዩ መሰለኝ። በመጨረሻ «የምትነግረኝ ነገር አለ ልጄ?» አሉት።

«የለም አባቴ። ይጸልዩልኝ» አለ።

ግንባሩን ሳሙት፣ ሄደ። አውቶቡሱ እስኪርቅ ቆሜ አየሁት። ሱቄ ተመልሼ የአንድ ሰው ሬዲዮ ፈታሁ፤ ያን ቀን ግን መግጠም አልቻልኩም።

መምሬ ዘነበ የታመሙት ከዚያ በኋላ ባለው ጥቅምት ነው። ብርዱ ጸናባቸው። አልጋ ላይ በዋሉ በሳምንታቸው ሊናዘዙ ነው ተባለና ሰው ተጠራ። ሊሞት የቀረበ ሰው ያለበትን፣ የያዘውን፣ ያጠፋውን በምስክር ፊት ተናግሮ ማለፍ ወጉ ነው። የነፍስ አባታቸው፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሲያስታምሟቸው የሰነበቱት ወይዘሮ አስካለ፣ በስም ተጠርቼ ደግሞ እኔ ተቀመጥን። የሁሉንም አደራ አንድ በአንድ ተናገሩ፤ ቁልፉ የእከሌ ነው፣ ደብተሩ የእከሊት ናት እያሉ። ሁሉም በቦታው ነበር። ከዚያ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «የጌታነህን አደራ አጥፍቻለሁ» አሉ።

ወይዘሮ አስካለ፣ «ኧረ መልሰዋል መምሬ፤ እኔው ራሴ አይቻለሁ» አሏቸው።

«ሬሳውን ነው የመለስኩት» አሉ።

እኔ ዐይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። መምሬ ቀስ እያሉ ቀጠሉ። «ማታ ማታ ከሠርክ ጸሎት ስመለስ በዚያ ቤት ሳልፍ ድብድብ የሚጫወቱት ልጆች ጩኸት ይሰማኝ ነበር። ይረብሸኝ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል ብዬ ስጠብቅ የለም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር። ደጁ ላይ ቆሜ ብሰማ፣ የለም። ያንን ጩኸት ናፍቄ ስንት ማታ ቆምኩ። ቄስ የድብድብ ጩኸት ናፈቀው ቢባል ማን ያምናል? ያኔ ገባኝ። እኔ ዘንድ ነው የሞተው።»

የነፍስ አባታቸው «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» ብለው ጠየቁ።

«እሱ ለእኔ ብሎ ሸፈነው። የሸፈነልኝን ገልጬ ላሳፍረው? ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁ። በነገረኝ ቀን ልተካለት ሁለት በጎች ለይቼ አስቀምጬ ነበር። ሳይነግረኝ ሄደ።» ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። በቁጣ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። «አንተስ ወርቁ?» አሉኝ።

እኔስ? ሁለቱንም የማውቅ፣ በሁለቱም ደጅ የምመላለስ፣ አንዲት ቃል ብናገር ሁሉን የምፈታ ሰው እኔ ነበርኩ። የማልፈታው የለም የተባልኩት እኔ። ጋቢዬን ሰብስቤ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን መምሬ ዐረፉ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። አባቶቻችን ይህን ሲሉ በሌላ ነገር ላይ ይሆናል፤ እኔ ግን ያየሁት ዝምታ ከውስጥ ወደ ውጭ ነቅዞ አልቋል። ከቀብር ስንመለስ ወይዘሮ አስካለ መንገድ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። «ምነው ለእኔ ቢነግረኝ፤ ዞሬ አዋጥቼ በሳምንት እተካለት አልነበር?» አሉ። እውነታቸውን ነው። የአንድ ሰው ቤት ሲቃጠል በሦስት ቀን መልሶ የሚሠራ አገር ነው። ለተቃጠለ ቤት ምሰሶ ስናዋጣ ማንም ማንንም አያፍርም፤ ጭሱ ራሱ ይናገራላ። የእኛ ችግር ጭስ በሌለው ቃጠሎ ላይ ነው። እዚያ ላይ እያንዳንዳችን ሌላው እንዳያፍር እንጠነቀቃለን፣ እየተጠነቀቅን ሰው ይሄድብናል። ይህን የምላችሁ ልመክራችሁ አይደለም። የምመክር ሰው ብሆን ኖሮ በጊዜው እመክር ነበር።

ሽማግሌዎቹ ለጌታነህ ደውዬ መርዶውንም ኑዛዜውንም እንድነግረው አዘዙኝ። ሦስት ቀን አዘገየሁት። በአራተኛው ቀን ከሱቄ ደጅ ተቀምጬ ደወልኩ። ከወዲያ የመኪና ጥሩምባና «የዛሬ ዕድልዎን» የሚል የራሱ ድምፅ ተሰማኝ። መምሬ ማረፋቸውን ነገርኩት፤ አለቀሰ። ጠበቅሁት። ከዚያ ያሉትን ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ማወቃቸውን፣ ይነግረኛል ብለው መጠበቃቸውን፣ በጎቹንም ነገርኩት።

«በጎቹ ለተዝካራቸው ይሁኑ» አለ። ከዚያ በዚያ በቁጥብ አንደበቱ፣ ሳይቆጣ፣ እውነት መልሱን ፈልጎ፣ «ታዲያ ጋሼ፣ እኔ ያን ሁሉ የከሰርኩት ከማን ደብቄ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሃሎ?» አልኩት። «ሃሎ ጌታነህ? ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ አይሰማኝም።» ብዬ ዘጋሁት።

ኔትወርኩ ያን ቀን ደህና ነበር።